የሚያስለው ይውጣ

«ጥርኝ ውጭ አያድርም። የግድ አንዱ ይውጣ ከተባለ የሚያስለው ይውጣ።»

ራሕመት ይህን የሰማችው ማለዳ ከቦኖ ስትመለስ፣ የሃያ ሊትሩን ጄሪካን ከጀርባዋ ሳታወርድ፣ ከሳሎኑ መጋረጃ ወዲህ ቆማ ነው። ተናጋሪው አማቷ ጋሽ ተማም ናቸው፤ ሰሚው ባሏ ሙዓዊያ ነው። የሚያስለው የተባለው ደግሞ ሌላ ማንም አይደለም፣ የሰባት ወር ልጇ ጁወይሪያ ናት። ስሟን እንኳ አልጠሩም። ራሕመት የባሏን መልስ ጠበቀች። «ኧረ አባባ!» ይላል ብላ ጠበቀች። «እንዴት ተደርጎ!» ይላል ብላ ጠበቀች። ከመጋረጃው ወዲያ የተሰማው ግን ሻይ ፉት ሲባል ነው፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ። ትንሽ ቆይቶ ሙዓዊያ የባጃጁን ቁልፍ አንስቶ በፊት ለፊቱ በር ወጣ። ጉድ እኮ ነው! ሰው ለገዛ ልጁ አንድ ቃል ያጣል? ራሕመት ጄሪካኑን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው። እንዳይሰሙባት የተጠነቀቀችው እሷ መሆኗ ነው የሚገርመው።

ቤቱ ሦስት ክፍል ነው፤ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ። ፊት ለፊት ሳሎኑ፣ በጎን ባልና ሚስቱ ከልጃቸው ጋር የሚተኙበት መኝታ ቤት፣ ከኋላ ጓዳው። በመኝታ ቤቱና በጓዳው መካከል ያለው ግድግዳ ጣሪያ ድረስ አይዘልቅም፤ ክንድ የሚያህል ክፍት አለው። ጓዳው ውስጥ አራት ወንድ ጥርኞች አሉ። እያንዳንዳቸው ከቀጭን እንጨት በተጎነጎነ፣ ዞር ለማለት እንኳ በማይመች ጠባብ ማጎሪያ ውስጥ ተጋድመዋል፤ መሀላቸው ቀንና ሌሊት እሳት ይነዳል። ጥርኝ ሙቀት ካላገኘ ዝባዱ ይደርቃል። ጋሽ ተማም በወጣትነታቸው ከሊሙ ወደ ቦንጋ ሲመጡ ከልብሳቸው ሌላ ይዘው የመጡት ይህንኑ ሙያ ነው። በየዘጠኝ ቀኑ ከጭራቸው ሥር የሚወጣውን ዝባድ በቀንድ ማንኪያ ይፍቃሉ፣ በከብት ቀንድ ያጠራቅማሉ፤ ነጋዴው ከአዲስ አበባ መጥቶ ይወስደዋል፣ ባሕር ማዶ ሽቶ ይሆናል አሉ። በዚህ ሙያ ሁለት ነገር ሐራም የተባለ ያህል ክልክል ነው። እሳቱ አይጠፋም። ባዳ አያያቸውም። ማየት ብቻ አይደለም፣ ስማቸው ለባዳ አይነሳም፤ ዓይን ይበላቸዋላ! በቤቱ ውስጥ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ «እነሱ» ነው የሚባሉት። «እነሱ በሉ?» «እነሱ ዘንድ እንጨት ጨምሪ።» ቤቱ የነሱ፣ ሰዎቹ ደባል የሆኑ ይመስላል።

እስከ ጥር ድረስ እነሱ የሚኖሩት ጓሮ በነበረው ጎጆ ነበር። መንገዱ ሲሰፋ አጥሩ ስድስት ሜትር ወደ ውስጥ ገባና ጎጆው ፈረሰ። «ለአንድ ሳምንት ነው» ተብሎ ወደ ጓዳ ገቡ። ጁወይሪያ ያኔ አርባ ቀኗ ነበር። ይኸው ሐምሌ ሆነ፣ ሳምንቱ ግን አላለቀም። በዚያ ላይ ክረምት ሆነና ከማንኪራ በኩል ተሾመች የምትባለው ሴት በጀርባዋ ተሸክማ የምታመጣው እንጨት ውሃ የጠጣ ነው፤ ከመንደዱ ማልቀሱ ይብሳል። ጢሱ በግድግዳው አናት ይሻገርና መኝታ ቤቱ ውስጥ ዝቅ ብሎ ይተኛል። ልጅቷ ማሳል ከጀመረች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ትናንት ከእራት በኋላ ራሕመት እንደምንም ደፍራ፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ፣ «አባባ፣ እነሱ ውጭ ኩሽናው ውስጥ ቢያድሩስ?» ብላ ነበር። ጋሽ ተማም መልሱን ሌሊት ሲያላምጡት አድረው ጠዋት ለልጃቸው ሰጡት።

ሰውየው ክፉ ናቸው ማለት አይደለም፤ ክፉ ቢሆኑ ነገሩ ቀላል ነበር። ራሕመት ከዋጫ ስትመጣ እንደ ልጃቸው ነው የተቀበሏት። ልጅቷን ጭናቸው ላይ አድርገው «የኔ እመቤት» እያሉ ሲያጫውቷት ለጉድ ነው። አሁንም ወደ ጓዳ ሲያልፉ አይተዋት ድምፃቸውን አለሰለሱ።

«ልጄ፣ ኩሽናውን በላስቲክ እንጋርደዋለን። ፍራሽ ይገባል። እስከ መስከረም ነው፣ አንቺና ልጅቷ እዚያ ብትተኙ ጢሱን ትገላገላላችሁ። እነሱ ግን ብርድ ካገኛቸው አለቀ። ነጋዴው ሐሙስ ይመጣል። ደግሞ በኩሽናው ሽንቁር ስንት ዓይን ይገባል መሰለሽ?»

«እሺ አባባ» አለች። ምን ትበል? ሙዓዊያ የሚነዳት ባጃጅ የተገዛችው በዝባድ ነው። ለሠርጓ የለበሰችው በዝባድ ነው። አፏ ውስጥ የሚገባው እንጀራ ዝባድ ዝባድ ይላል። ኩሽናው ደግሞ ግድግዳው ሰው እጁን የሚያሾልክበት ፍልጥ ነው፤ ከላይ ያፈሳል፣ ከታች ጭቃ ያመነጫል። የቦንጋ ሐምሌ ብርድ ለአዋቂም አይመለስም። ራሕመት ልጇን አዝላ፣ በላይዋ ጋቢ ደርባ፣ በካፊያው ወደ ጤና ጣቢያው ወጣች። ሙዓዊያ ቢኖር በባጃጅ ያደርሳት ነበር፤ ግን ዛሬ ፊቱን ማየት አላሰኛትም።

ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ያለው አግዳሚ ሞልቶ እናቶች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። በካፊኖኖ የሚያወሩ አሉ፣ ዝም ያሉ አሉ፣ ከሩቅ ቀበሌ ሌሊት ተነስተው የመጡ፣ እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ የሆነ አሉ። የራሕመት ተራ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። ነርሷ ትሁት ትባላለች፤ ልጅ እግር ናት፣ ግን ስትሠራ አትቀልድም። የጁወይሪያን ሹራብ ገልጣ፣ የእጅ ሰዓቷን እያየች፣ የደረቷን ከፍ ዝቅ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች።

«ሃምሳ አራት። ፈጣን ነው። ኒሞኒያ ጀምሯታል። ደረቷ ግን ገና ወደ ውስጥ አልገባም፣ ጥሩ ነው።» እስክሪብቶዋን አነሳች። «ቤት ውስጥ እሳት ታነዳላችሁ? የሚጨስ ነገር አለ?»

ራሕመት አፏን ከፈተች። «አለ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ግን «አለ» ካለች «የምን?» ይመጣል። «የምን?» ከመጣ ስማቸው ይነሳል። ስማቸው ከተነሳ ዓይን አለ፣ የሐሙሱ ነጋዴ አለ፣ የአማቷ ፊት አለ። አንዱ እንኳ ቢሞት ሰበቡ የእሷ አፍ ይሆናል፤ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ።

«የለም ሲስተር። ኩሽናችን ውጭ ነው።»

ይኼኛው እንኳ እውነት ነው፤ ኩሽናው ውጭ ነው። ራሕመት ልቧን በዚህች አጽናናች። ትሁት እየጻፈች ሳለ አፍንጫዋን ወደ ጋቢው ጠጋ አደረገችና ፈገግ አለች። «ምን ዓይነት ሽቶ ነው የምትቀቢው? ኃይለኛ ነው።» ራሕመት «የሱቅ ነው» አለች፣ ጋቢውን ወደ ራሷ እየሰበሰበች። ሰው አንድ በር ዘግቶ ሲያልፍ እግዜር ሁለተኛ የሚከፍትበት ጊዜ አለ፤ ራሕመት ሁለተኛውንም ዘጋችው።

«እንግዲያው የጎዳት ብርዱ ነው ማለት ነው» አለች ትሁት። «ይኼን ኪኒን በውሃ አሟሙተሽ ጠዋትና ማታ ትሰጫታለሽ። ውጭ እንዳታሳድሪያት፣ ሙቀት ያስፈልጋታል፣ ብርድ እንዳይነካት። ከሁለት ቀን በኋላ ቼክ ትደረጋለች። ጡት እምቢ ካለች ወይም ስትተነፍስ እዚህ ጋ፣ ከጎድኗ በታች፣ ስርጉድ የሚል ነገር ካየሽ ግን ሁለት ቀን የለም፤ በዚያው ደቂቃ ይዘሻት ነይ።»

ስትመለስ ከሱቅ ሁለት እንቁላል ገዛች። አንዱ ሃያ ብር ገብቷል። ሁለቱም የእነሱ ናቸው፤ ገንፏቸው ያለ እንቁላልና ያለ ቅቤ አይቀርብላቸውም። ለልጅቷ እንቁላል ማስለመድ ትችያለሽ ብለዋት ነበር በክትባቱ ቀን፤ እስካሁን አላስለመደቻትም።

ጋሽ ተማም በሩ ላይ ቆመው እየጠበቋት ነበር። «ምን አሉሽ?» አሉ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ። ሙቀት ያስፈልጋታል፣ ውጭ እንዳታድር፣ ብርድ እንዳይነካት ብለዋል አለቻቸው። የሽማግሌው ፊት እንዴት እንደበራ! የጠዋቱ ንግግራቸው ራሳቸውንም ሲቆረቁራቸው ውሏል መሰል፣ ከላያቸው ሸክም የወረደላቸው ይመስል ነበር።

«አላልኩም? አልሐምዱሊላህ! ሙቀት ከሆነ መድኃኒቷ፣ በዚህ ከተማ ውስጥ ከኔ ጓዳ የበለጠ የሚሞቅ ቤት የት አለ? በይ አምጫት የኔን እመቤት።»

አጎዛቸውን ከአልጋቸው ላይ ራሳቸው አወጡ። ጓዳው ውስጥ፣ ከእሳቱ ሁለት ክንድ ያህል ርቀት ላይ፣ ከመጀመሪያው ማጎሪያ ሥር አነጠፉት። ልጅቷን ተቀብለው አስተኟት፣ የራሳቸውን ፎጣ አለበሷት። ራሕመት በሩ ላይ ቆማ አየች። ጨለማው ውስጥ ስምንት ዓይን ያበራል። ጢሱ ከወገብ በላይ ተንሳፍፏል። አፏን ዳግመኛ ከፈተች፤ ግን ምን ብላ ትናገር? ሙቀት ብላ የመጣችው ራሷ ናት። ጢስ የለም ብላ ያስጻፈችውም ራሷ ናት። አሁን «ጢሱ ይጎዳታል ብለዋል» ብትል ውሸት ነው፣ አላሉም። «እንዳይሉ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ» ማለት ደግሞ ከባድ ሆነባት። ቆይ፣ ገንፎው እስኪደርስ፣ ለአንድ ሰዓት ነው አለች በሆዷ። በዚያ ቤት ሁሉ ነገር የሚጀመረው «ለትንሽ ጊዜ ነው» ተብሎ ነው።

ኩሽናው ውስጥ ዝናቡ በሦስት ቦታ ያፈሳል። ራሕመት ጠብታው ድስቱ ላይ እንዳያርፍ ጉልቻውን አዛውራ ውሃ ጣደች፤ በእርጥብ እንጨት እስኪፈላ ስምንት ሰዓት አለፈ፤ የበቆሎ ዱቄቱን ነፋች፣ ቅቤውን አቀለጠች። ጋሽ ተማም አንድ ጊዜ መጥተው ቅቤው በዛ ያለ እንዲሆን ነግረዋት ተመለሱ። ሦስተኛው ጥርኝ ትናንት እንደ ልቡ አልበላም፣ እሱ ነው የሚያሳስባቸው። ገንፎው ሲንተከተክ ሽታው ያስጎመጃል፤ ሰው ቢበላው አንድ ሳምንት ያቆመዋል። የሆነ ነገር ልክ አይደለም፤ ምን እንደሆነ ግን ለራሕመት ሊገለጥላት አልቻለም። ማማሰያውን ይዛ ጆሮዋን ቀሰረች። ዝናብ ነው። የባጃጅ ጥሩምባ ከሩቅ። የጎረቤት ሬዲዮ።

በአጥሩ በኩል እትዬ በዛወርቅ ጎመን ይዘው ብቅ አሉ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ አጥሩ ሲፈርስ ከሁሉም ቀድመው የደረሱ፣ ሲሠራም የሚቀባበሉባትን ሽንቁር ያስቀሩ እሳቸው ናቸው።

«እንቺ፣ ከጓሮዬ ነው። ልጅቷ ተሻላት እንዴ? ዛሬ ሳሏ አይሰማም። ሌት ተቀን በአጥሩ እየሰማኋት ስለምድ ጭር አለብኝ።»

ልክ ያልሆነው ነገር ይኸው ነበር። ሳሉ የለም። ራሕመት ማማሰያውን እንደያዘች ቀረች።

«መድኃኒት ሰጥተዋት ነው» አለች፣ ኪኒኑን ገና አንዴ መስጠቷን እያወቀች። «አባባ አጠገባቸው አስተኝተዋት ነው። ከእሳቱ ዳር።»

የእትዬ በዛወርቅ ፊት ተለወጠ። ጎመኑን በአጥሩ አሾልከው ከሰጧት በኋላ እጃቸውን መልሰው አልወሰዱም፣ እጇን ያዙ።

«ከነሱ ዘንድ?»

«ከ... ከእነማን?»

«ተይ እንጂ ልጄ! ሰፈሩ ሁሉ እኮ ያውቃል። አፍንጫ ያለው ሁሉ ያውቃል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጋሽ ተማም ይደብቃሉ፣ እኛ ደግሞ ያላወቅን እንመስላለን፤ ጉርብትና ነዋ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ባልሽ ታናሽ ወንድም እንደነበረው ነግሮሻል?»

«አብዱልጀባር። ዓይን በላው ይላሉ።»

«ዓይን! ነፍሷን ይማረውና አማትሽ እሱን አዝላ ነበር ጎጆው ውስጥ እሳት ስትጭር የምትውለው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በእንዲህ ያለ ክረምት፣ ስንት ሳምንት አሳለው። አንድ ቀን ሳሉ ቀጥ አለ። ዳነ ብለን እልል አልን። እኔ ራሴ እልል ብያለሁ፣ በዚህችው አጥር በኩል። ሳል ያቆመው ግን ለመሳል አቅም አጥቶ ነበር።»

ራሕመት የቀረውን አልሰማችም። ገንፎው እያረረ ትታው ሮጠች።

ጓዳው ውስጥ ጋሽ ተማም በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ ልጅቷን ቁልቁል እያዩ ነበር። በጣታቸው «እሽሽ» አሏት። «እይ እንዴት እንደተኛች! ሳሉ ለቀቃት። እነሱ ራሳቸው ዝም ብለው ይጠብቋታል።» ራሕመት ተንበረከከች። ፎጣውን ገለጠች። የጁወይሪያ አፍንጫ ይከፈታል ይዘጋል፤ ከንፈሯ ዙሪያ የአመድ ቀለም ወርዷል። ሹራቧን ከፍ ስታደርገው፣ ትሁት በጣቷ ያሳየቻት ቦታ፣ ከጎድኗ በታች፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ስርጉድ ይላል። እንደገና ስርጉድ። ጡቷን አውጥታ አቀረበችላት፤ ልጅቷ ከንፈሯን አስነክታ ተወችው።

«አባባ፣ ልጄ አልተኛችም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አልተኛችም! ደክማ ነው! እየሞተችብኝ ነው አባባ!»

በዚያ ቤት ውስጥ ራሕመት ስትጮህ የመጀመሪያዋ ነበር። ጥርኞቹ ደንብረው ማጎሪያቸውን ቧጨሩ። በዚያችው ቅጽበት የሙዓዊያ ባጃጅ ደጅ ቆማለች፤ ዝናቡ ቢብስበት፣ ተሳፋሪ ቢጠፋ፣ ዘግይቶ ምሳውን ሊበላ መምጣቱ ነው። ጩኸቱን ሰምቶ በጭቃ ጫማው ጓዳ ድረስ ገባ። ልጁን አየ። ዞሮ ሄደና ባጃጇን አስነሳ። ራሕመት ልጇን ታቅፋ ወጣች። ጋሽ ተማምም ጋቢያቸውን ለብሰው «እኔም እሄዳለሁ፣ የኔ እመቤት ናት» እያሉ ተከተሉ። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ተመለሱ። ባጃጇ እየተንቀጠቀጠች፣ ልጅቷ እየቃተተች፣ ሽማግሌው ጓዳ ገብተው አንድ ትልቅ ግንድ እሳቱ ላይ ጥለው እስኪወጡ ጠበቋቸው። ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው። ራሕመት ያንን ግማሽ ደቂቃ ዕድሜ ልኳን አትረሳውም።

ጤና ጣቢያው ሲደርሱ አሥር ሰዓት አልፏል። በረንዳው ባዶ ነው። ትሁት ነጭ ጋውኗን አውልቃ ቦርሳዋን አንግታ ነበር፤ ራሕመትን ስታይ ቦርሳውን መሬት ጣለችው። ሹራቡን ገልጣ ቆጠረች። ሰባ ሲደርስ ደቂቃው ገና አላለቀም። ጠባብ ክፍል ውስጥ ወደ ነበረው ኦክስጅን ወሰደቻት፣ ቀጭን ቱቦ አፍንጫዋ ላይ አደረገች፣ ጭኗ ላይ መርፌ ወጋቻት፣ ስልክ ደወለች። አምቡላንሱ ምጥ የያዛት ሴት ሊያመጣ ወደ ዋጫ መንገድ ወጥቷል፤ ከአንድ ሰዓት በፊት አይመለስም። ስልኩን ዘጋችና ወደ ራሕመት ዞረች።

«ጠዋት ሃምሳ አራት ነበር። እንዲህ በአንድ ቀን አይብስም። ምን ተፈጠረ? እውነቱን ንገሪኝ፣ እዛ ቤት ጢስ አለ?»

ክፍሉ ውስጥ አራቱ ነበሩ። ሙዓዊያ በሩን ተደግፎ ጫማውን ያያል። ጋሽ ተማም መቁጠሪያቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ቀድመዋትም መለሱ፦ «ለከብት ነው። ለጥጃ። ትንሽ ጭስ ነው፣ ትንኝ እንዳይበላቸው።» እንዲህ ለስላሳ ውሸት ሲዋሽ ራሕመት ሰምታ አታውቅም፤ ሠላሳ ዓመት የተለማመዱት መሆኑ ያስታውቃል። እሷ ግን ገና የአንድ ቀን ውሸታም ናት።

«ጠዋት ዋሽቼሻለሁ ሲስተር። ጥርኝ ነው። አራት ናቸው። ከጥር ጀምሮ ቤት ውስጥ፣ ከምንተኛበት ግድግዳ ወዲያ። እሳቱ ሌት ተቀን አይጠፋም። ዛሬ ደግሞ ሙቀት ስትይኝ እዚያው ከእሳቱ ዳር አስተኝተናት ዋልን። እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያልነገርኩሽ።»

ጋሽ ተማም ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትሁት አልተቆጣችም፣ አልመከረችም፤ ጊዜም አልነበራት። «ሆስፒታል። አሁን። አብሬያችሁ እሄዳለሁ» ብላ ትንሿን የኦክስጅን ሲሊንደር ከጥግ አንስታ ታቀፈቻት። ሙዓዊያ ሮጦ ወጣ።

ከኋላ ሦስቱ ተጨናንቀው ተቀመጡ፤ ራሕመት ልጇን ይዛ መሀል፣ ትሁት ሲሊንደሩን ታቅፋ በግራ፣ ጋሽ ተማም በቀኝ። ዝናቡ ላስቲኩን ይደበድባል። ትሁት ጣቷን የልጅቷ ደረት ላይ አድርጋ ትቆጥራለች፤ ለራሷ ነው የምትቆጥረው፣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ዳገቱን ጨርሰው መንታው መንገድ እየቀረበ መጣ፤ በቀኝ ቁልቁል ወደ ቤት ይወርዳል፣ በግራ ወደ ሆስፒታሉ። ጋሽ ተማም ጎንበስ ብለው የልጃቸውን ትከሻ ነካ አደረጉ።

«ሙዓዊያ። የጣልኩት ግንድ እርጥብ ነው። አይዝም። ሁለት ደቂቃ ነው ልጄ፣ በዚህ ቤት ድረስ አውርደኝና እናንተ ሂዱ። ወይም ሁለት እንጨት ጥዬ ልመለስ። ይጠፋል እኮ።»

ሙዓዊያ መሪውን እንደያዘ ነው። ራሕመት ከኋላው አንገቱን አየችው። ጠዋት ከመጋረጃው ወዲህ ቆማ እንደጠበቀችው ጠበቀች፤ ከዚያ የባሰ ጠበቀች። ባጃጇ መንታው ላይ ስትደርስ ፍጥነቷን ቀነስ አደረገች። ራሕመት ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች። በል እንጂ፣ አለች በሆዷ፤ አንተ ሰውዬ፣ በአላህ፣ ዛሬ እንኳ በል!

«አብዱልጀባርም እንዲህ ነበር የሚተነፍሰው» አለ ሙዓዊያ። ለመንገዱ የሚያወራ እንጂ ለሰው አይመስልም ነበር። «እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር። አጠገቡ ነበር የምተኛው።»

«ልጄ፣ እሳቱ...»

«ይጥፋ።»

መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘው።

ከመታጠፊያው ላይ፣ በቀኝ ቁልቁል፣ የእነሱ ጣሪያ ይታያል፤ ከቆርቆሮው ጠርዝ የሚወጣው ጢስ ቀጥኖ፣ በዝናቡ ተመትቶ፣ አለ እንዳይባል የለም እንዳይባል ሆኗል። ጋሽ ተማም አንገታቸውን አዙረው ጣሪያው ከዓይናቸው እስኪሰወር ድረስ አዩት። ከዚያ ወደ ፊት ዞሩ። መቁጠሪያው ከእጃቸው ወድቆ እግራቸው ሥር ነበር፣ አላነሱትም። የጋቢያቸውን ጫፍ ስበው ከፎጣው ውጭ የወጣውን የልጅቷን እግር ሸፈኑ፤ እጃቸውንም እዚያው ላይ ተዉት።

ትሁት ከመጀመሪያው መቁጠር ጀመረች።